የመሪን ሥልጣን የሚያሰፋ ሕዝበ ውሳኔ ሲመጣ፣ ረቂቁን ከጅራቱ ማንበብ

የምሠራው አራት ኪሎ አካባቢ ባለች ጠባብ የትርጉም ቢሮ ነው። የልደት ሰርተፍኬት፣ የጋብቻ ወረቀት፣ ውክልና፣ አንዳንዴም ነጋዴዎች ከኢስታንቡል ይዘውት የሚመጡት ውል በእጄ ያልፋል። ሰው ሰነድ ሲረከብ ርእሱን ያያል፣ ማኅተሙን ያያል፣ ይፈርማል። መሃሉንና መጨረሻውን የሚያነብ ከስንት አንድ ነው። ሕገ መንግሥት በሕዝብ ድምፅ እያሻሻሉ ሥልጣናቸውን የሚያሰፉ መሪዎችም የሚተማመኑት በዚሁ አመላችን ይመስለኛል።

እንዲህ ያለ ዜና በመጣ ቁጥር ቡና ቤት ውስጥ ጭቅጭቁ የሚጀምረው ከመቶኛው ነው። "95 ከመቶማ አይታመንም!" "51 ከሆነማ እውነተኛ ነው!" እኔ መጀመሪያ የምጠይቀው ወረቀቱን ነው፤ መቶኛው ይደርሳል። ረቂቁን እንዴት እንደማነብ እነሆ። ጠበቃ መሆን አያስፈልግም፤ እስክሪብቶና አንድ ሉክ ወረቀት ይበቃል። የውጭውን ዘመን በፈረንጅ አቆጣጠር እጽፋለሁ፤ የኛ ሲሆን ዓ.ም. እጨምርበታለሁ።

አሮጌውንና አዲሱን ጎን ለጎን

የማሻሻያ ረቂቅ ብቻውን አይነበብም። "በአንቀጽ እንዲህ ውስጥ ያለው ሐረግ ተሰርዟል፣ በእንዲህ ተተክቷል" የሚል ነው፤ ምን እንደተሰረዘ የሚታየው አሮጌው ጽሑፍ አጠገቡ ሲኖር ነው። ኮንስቲትዩት የተባለው ድረ ገጽ የአብዛኛውን አገር ሕገ መንግሥት በእንግሊዝኛ አስቀምጧል። ቤት ውስጥ ኢንተርኔት የሚያስቸግራችሁ አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ቁጭ ብላችሁ ማንበብ ትችላላችሁ። የቴሌቪዥኑን ማጠቃለያ ለጊዜው ተዉት።

ጅራቱ

ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ ይባላል። እዚህ ግን ነገሩ ብዙ ጊዜ ያለው ጅራቱ ላይ ነው፤ "የመሸጋገሪያ ድንጋጌዎች" ወይም "ልዩ ልዩ ድንጋጌዎች" በሚል ርእስ፣ አንባቢ ደክሞት ሊዘጋ ሲል ይመጣል።

ሩዋንዳን ውሰዱ። ዲሴምበር 2015 ድምፅ የተሰጠበት ሕገ መንግሥት አንቀጽ 101 የፕሬዚዳንቱን የሥልጣን ዘመን ከ7 ዓመት ወደ 5 ያወርዳል፤ ከሁለት ዙር በላይም አይፈቅድም። እዚህ ላይ የቆመ አንባቢ "እንዲያውም ገደቡ ጠበቀ" ይላል። አንቀጽ 172 ላይ ሲደርስ ግን፣ በሥልጣን ላይ ላለው ፕሬዚዳንት መጀመሪያ አንድ የ7 ዓመት ዘመን ይሰጥና የአንቀጽ 101 ቆጠራ ከዚያ በኋላ ይጀምራል። 7 ሲደመር 5 ሲደመር 5። ፖል ካጋሜ እስከ 2034 መቆየት የሚችሉት በዚህች አንቀጽ ነው።

ግብፅም ኤፕሪል 2019 ላይ ያው ነው። ሁለት ዙር የሚለው ገደብ አልተነሣም፤ ዘመኑ ከ4 ወደ 6 ዓመት አደገ። ጅራቱ ላይ ለፕሬዚዳንት ሲሲ ብቻ የምትሠራ የመሸጋገሪያ አንቀጽ ገባች፤ የያዙትን ዘመን ወደ 6 ዓመት አስረዘመችላቸው፣ አንድ ጊዜም እንዲወዳደሩ ፈቀደችላቸው፤ ሲደመር 2030 ይደርሳል። በሩሲያ ደግሞ ሐሳቡን ማርች 2020 ፓርላማ ላይ ያቀረቡት ወደ ጠፈር በመጓዝ የመጀመሪያዋ ሴት የሆኑት ቫለንቲና ቴሬሽኮቫ ናቸው፦ ያለፉት ዘመናት እንዳልነበሩ ይቆጠሩ። በዚህ ስሌት ፑቲን እስከ 2036 መንገዱ ተከፈተላቸው።

ስለዚህ የመጀመሪያ ሥራችሁ አንድ ጥያቄ ነው፦ የአሁኑ መሪ ዘመን ከየት ተነሥቶ ይቆጠራል? መልሱን በዓመተ ምሕረት ጻፉት፤ "ሁለት ዙር" ብላችሁ አትለፉት። ረቂቁ ስለ ቆጠራው ምንም ካላለ ያንንም መዝግቡ፤ ዝም ያለች አንቀጽ ነገ ጠብ ታመጣለች። በቱርክ 2023 ላይ ኤርዶጋን እንደገና ሲወዳደሩ ተቃዋሚዎች "ሁለት ዙራቸውን ጨርሰዋል" አሉ፤ የመንግሥቱ ወገን "በ2017ቱ ሕዝበ ውሳኔ የጸደቀው አዲሱ ፕሬዚዳንታዊ ሥርዓት የጀመረው 2018 ስለሆነ ቆጠራውም ከዚያ ነው" አለ፤ የምርጫ ቦርዱ እጩነታቸውን አጸደቀ። ፓርላማው በሁለተኛው ዙር ላይ ምርጫ አስቀድሞ ከጠራ ፕሬዚዳንቱ ሦስተኛ ጊዜ ሊወዳደር እንደሚችል የምትፈቅድ አንቀጽም አለች፤ ቁጥሯ 116 ነው፤ የምትገኘው መሃል ላይ ነው፤ ሁሉም ጅራት ላይ አይደበቅም።

ሿሚውና ሻሪው

ሉኩን በአራት ዓምድ ክፈሉት። አንደኛው ላይ ባለሥልጣኑን ጻፉ፦ ሚኒስትር፣ ዳኛ፣ ዐቃቤ ሕግ፣ የጦር አዛዥ፣ ምርጫ አስፈጻሚ። ሁለተኛው ላይ አሁን ማን ይሾመዋል፤ ሦስተኛው ላይ በረቂቁ ማን ይሾመዋል፤ አራተኛው ላይ ማን ይሽረዋል። ሠንጠረዡን ስትሞሉ በሦስተኛው ዓምድ አንድ ስም ሲደጋገም ታያላችሁ።

የቱርክን አንድ ረድፍ ልሙላላችሁ። የዳኞችና የዐቃብያነ ሕግ ምክር ቤት ዳኛን የሚመድብ፣ የሚያዛውርና የሚቀጣ አካል ነው። ከ2017ቱ ሕዝበ ውሳኔ በፊት 22 አባላት ነበሩት፤ 10ሩን የሚመርጡት ራሳቸው ዳኞችና ዐቃብያነ ሕግ ነበሩ። በአዲሱ አባላቱ 13 ሆኑ። 4ቱን ፕሬዚዳንቱ ይሾማል። የፍትሕ ሚኒስትሩና ምክትሉ በወንበራቸው ይገባሉ፤ እነሱንም የሚሾማቸው ፕሬዚዳንቱ ነው። ስድስት ሞላ። የቀሩትን 7 ፓርላማው ይመርጣል፤ ግን በዚሁ ማሻሻያ ፕሬዚዳንቱ የፓርቲ መሪ እንዲሆን ተፈቅዷል፤ ፓርላማው ውስጥ አብላጫው የሱ ፓርቲ ከሆነ የ7ቱ ምርጫ የት እንደሚያርፍ ቁጠሩት። ዳኞች ራሳቸው የሚመርጡት አባል አንድም አልቀረም።

አራተኛው ዓምድ ላይ ጊዜ ውሰዱ። የቱርክ ፕሬዚዳንት በፊት ሊከሰስ የሚችለው በአገር ክህደት ብቻ ነበር፤ በአዲሱ በማንኛውም ወንጀል ሊከሰስ ይችላል። ደጋፊዎቹ ይህንን እንደ ትልቅ ማሻሻያ ነበር የሚጠቅሱት፤ በወረቀት እውነታቸውን ነው። መንገዱን ግን ተከተሉት። ከ600 የፓርላማ አባላት ጥያቄውን ለማንሣት 301፣ ምርመራ ለማስከፈት 360፣ ወደ ፍርድ ለመላክ 400 ድምፅ ያስፈልጋል። የሚፈርደው ሕገ መንግሥታዊ ፍርድ ቤቱ ነው፤ ከ15 ዳኞቹ 12ቱን የሚሾመው ተከሳሹ ነው። የጠቅላይ ሚኒስትርነት ቦታ ጠፍቷል፤ ፓርላማው መንግሥትን የሚጥልበት የመተማመኛ ድምፅም አብሮ ሄዷል። "ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል" ብለን የተረትነው ሻሪ ስላለ ነው፤ ሻሪ ለሌለው ሹመት ተረት እንኳ አልተበጀለትም።

ክርክር ያልተገኘላቸው አንቀጾች

እዚህ ላይ የደጋፊዎቹን ክርክር በወጉ ጻፉ፤ ሳታንኳስሱ። በቱርክ የቀረበው ክርክር ተራ አልነበረም። የ1990ዎቹ ጥምር መንግሥታት በየጊዜው ይፈርሱ ነበር፤ ሕዝብ የመረጠው ፕሬዚዳንትና ፓርላማ ያቆመው ጠቅላይ ሚኒስትር ጎን ለጎን መኖራቸው ያጋጫል፤ ጁላይ 2016 ደግሞ የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ ተደርጓል። ከኢስታንቡል ጨርቅ የሚያመጣ ጎረቤቴ፣ ጋሼ የምለው ሰው፣ ዛሬም "ጠንካራ መሪ ባይኖር ያ ሁሉ መንገድና ድልድይ ይሠራ ነበር?" ይለኛል። ይህንንም ጻፉት።

ከዚያ እያንዳንዱን ክርክር ከሚመልሰው አንቀጽ ጋር በመስመር አገናኙ። የጥምር መንግሥት ችግርን የጠቅላይ ሚኒስትርነቱ መጥፋት ይመልሳል፤ መስመር አስምሩ። የሁለት ራስ ግጭትንም ያው። መጨረሻ ላይ መስመር ያልደረሳቸው አንቀጾች ይቀራሉ። ስለ መንግሥት መረጋጋት ከተነሣው ክርክር ውስጥ "ዳኞች ተወካዮቻቸውን መምረጥ ያቁሙ" የሚለውን የሚደግፍ የለም። ባለጉዳዩ ስለምን እንደመጣ የሚታወቀው ማንም ካልተከራከረላቸው ከእነዚህ አንቀጾች ነው። እኔ ከዚህ የተሻለ መፈተኛ አላገኘሁም።

አብሮ የሚሸጥ

ዘይት የጠፋ ሰሞን ባለሱቁ "ሳሙናም ካልወሰድሽ ዘይቱ የለም" ይል የለ? የሩሲያው ድምፅ እንዲያ ነበር። ጡረታ ከኑሮ ውድነቱ ጋር በየዓመቱ እንዲስተካከል፣ ዝቅተኛው ደመወዝ ከኑሮ ወለል እንዳይወርድ፣ ጋብቻ የወንድና የሴት እንዲሆን፣ የእግዚአብሔር ስም እንዲጠቀስ፤ በዚሁ መሃል የፑቲን ዘመን ዜሮ ይሁን። ሁሉም በአንድ "አዎ" ወይም በአንድ "አይ"። ጡረታውን ፈልጎ ዜሮውን የማይፈልግ ሰው የሚያስቀምጥበት ቦታ የለውም። በግብፅ የተጨመረው ለሴቶች ከፓርላማ መቀመጫ ሩብ መመደቡ ነበር፤ በቱርክ የእጩነት ዕድሜ ከ25 ወደ 18 መውረዱ። ሳሙናዎቹን በአንድ ቀለም፣ ዘይቱን በሌላ ቀለም አስምሩ። ሳሙናው በተራ ሕግ ሊወጣ ይችል እንደነበርም ጠይቁ፤ ጡረታን ለማስተካከል ሕገ መንግሥት መንካት ግድ አይደለም።

ድምፅ የተሰጠበት ሁኔታ

ረቂቁ ወጥቶ ድምፅ እስኪሰጥ ስንት ቀን ነበረ? ቱኒዚያ ውስጥ የፕሬዚዳንት ካይስ ሰዒድ ረቂቅ የታተመው ጁን 30 ቀን 2022 ነው፤ ድምፁ ጁላይ 25። በዚህ መሃል ጽሑፉ እንደገና ተነካክቷል፤ አርቃቂ ኮሚቴውን የመሩት የሕግ ሊቅ ሳዶቅ ቤልዒድ ደግሞ "ይህ እኛ ያስረከብነው አይደለም" ብለው በይፋ ራቁ። አርቃቂው የካደውን ረቂቅ ማየት ብርቅ ነው።

አስቸኳይ ጊዜ አዋጅ አለ ወይ? ቱርክ ድምፅ ስትሰጥ አዋጁ ላይ ነበረች፤ የኩርዶቹ ፓርቲ መሪ ሰላሃቲን ደሚርታሽ እስር ቤት ነበሩ። ክርክር ቢነሣ የሚዳኘው ማን ነው? የመካከለኛው አፍሪካ ሪፐብሊክ የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት ሴፕቴምበር 2022 አርቃቂ ኮሚቴውን ሕገ ወጥ አለ፤ በቀጣዩ ወር የፍርድ ቤቱ ፕሬዚዳንት ወይዘሮ ዳኒኤል ዳርላን ከቦታቸው ተነሡ፤ ጁላይ 2023 ድምፁ ተሰጠ፤ የአገሪቱ ፕሬዚዳንት የቱአዴራ የዙር ገደብ ተነሣ።

የቱርኩ ዕለት ትዝ የሚለኝ ሚያዝያ 8 ቀን 2009 ዓ.ም. የኛ ፋሲካ ስለነበር ነው። ዶሮው ተበልቶ ቤተሰቡ ወደ ድራማው ሲዞር እኔ ቆጠራውን ስልኬ ላይ እከታተል ነበር። ቆጠራው እየተካሄደ ሳለ የምርጫ ቦርዱ ማኅተም የሌለባቸው ወረቀቶችም እንዲቆጠሩ ወሰነ። ማኅተም የሌለው የልደት ወረቀት ይዞ የመጣ ደንበኛን እኔ እንኳ እመልሳለሁ። ስለዚህ ይህቺንም ጻፉ፦ የጨዋታው ሕግ የተቀየረው መቼ ነው፣ ድምፁ ከመሰጠቱ በፊት ወይስ በኋላ?

አሁን መቶኛው

"አዎ" ያለውን መቶኛ ከተሳትፎው ጋር አባዙት። ቱኒዚያ 94.6 ከመቶ "አዎ" አለ፤ ድምፅ የሰጠው ግን ከተመዘገበው 30.5 ከመቶ ነው። ሲባዛ ከመቶ መራጭ 29 ግድም ይሆናል። ግብፅ 88.8 "አዎ"፣ ተሳትፎ 44.3፤ 39 ግድም። ቱርክ 51.4 "አዎ"፣ ተሳትፎ 85፤ 44 ግድም። በዚህ ስሌት ትንሽ የሚመስለው 51 ከቱኒዚያው 94 ይበልጣል። የቱኒዚያ ተቃዋሚ "አይ" ከማለት ቤቱ መቅረትን መረጠ፤ ለማስፈጸሚያ የሚያስፈልግ ዝቅተኛ ተሳትፎ ስላልተቀመጠ መቅረቱ ምንም አላገደም።

ቀጥሎ "አይ" የሚለው ወገን ያሸነፈበት ቦታ ፈልጉ። ኢስታንቡል፣ አንካራና ኢዝሚር "አይ" ብለዋል። የትም ያልተሸነፈ "አዎ" ሲገጥማችሁ ጠርጥሩ። "አይ" ሙሉ በሙሉ ማሸነፍ አይችልም ማለት ግን አይደለም፤ ዚምባብዌ ፌብሩዋሪ 2000 ላይ የሙጋቤን ረቂቅ 54.7 ከመቶ ሆና መልሳዋለች። ቺሊ በ1988 ፒኖቼትን ተጨማሪ 8 ዓመት ከልክላለች። ቬኔዝዌላ ዲሴምበር 2007 ላይ ቻቬዝን በጠባብ ልዩነት እምቢ አለች፤ ፌብሩዋሪ 2009 ላይ የዙር ገደቡን የማንሣቱ ሐሳብ ብቻውን ተመልሶ መጣና አለፈ። አንዴ የወደቀ ረቂቅ ካያችሁ ሉኩን አትቅደዱት።

በኛው ላይ መለማመድ

ልምምዱን ከቅርብ ጀምሩ። ጥር 24 ቀን 1979 ዓ.ም. እኛም ድምፅ ሰጥተናል። 343 አባላት ያሉት ኮሚሽን ያረቀቀው ሕገ መንግሥት በ1978 ዓ.ም. ክረምት በየቀበሌው ለውይይት ቀርቦ ነበር። በይፋ የተነገረው ተሳትፎ 96 ከመቶ፣ ድጋፍ 81፣ ተቃውሞ 18 ነው። በዚያ ዘመን 18 ከመቶ "አልደግፍም" አለ ተብሎ መነገሩ ዛሬም ይገርመኛል። አክስቴ በሰፈራችን ቀበሌ አዳራሽ በውይይቱ ተቀምጣለች፤ ሰዉን ያሟሟቀው የጋብቻው ነገር ነበር ትላለች።

"እታባ፣ ስለ ፕሬዚዳንቱ ሥልጣንስ ማን ጠየቀ?" አልኳት።

"ሊቀመንበሩ ፊት ለፊት ተቀምጦ? አንቺ ደግሞ!"

ያን ሕገ መንግሥት በአራቱ ዓምድ አስገቡት። ፕሬዚዳንቱን የሚመርጠው ብሔራዊ ሸንጎ ነው፤ ዘመኑ 5 ዓመት፣ የዙር ገደብ የለም። ሸንጎው ሊሾማቸው የሚገቡትን ጠቅላይ ሚኒስትርና የጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት፣ ሸንጎው ሳይሰበሰብ አስገዳጅ ሁኔታ ከተፈጠረ ፕሬዚዳንቱ ሊሾምና ሊሽር ይችላል። አስገዳጅ መሆኑን የሚወስነው ማን እንደሆነ ፈልጉ። የጊዜውን አዲስ ዘመን ወመዘክር ሄዳችሁ መጠየቅ ነው።

አሁን የሚሠራበትን ሕገ መንግሥት ደግሞ ብርሃንና ሰላም ታትሞ የወጣ ነጋሪት ጋዜጣ ላይ ታገኙታላችሁ። አንቀጽ 70ንና 72ን ጎን ለጎን አንብቡ፤ ፕሬዚዳንቱ 6 ዓመት ሆኖ ከሁለት ጊዜ በላይ አይመረጥም፤ የጠቅላይ ሚኒስትሩ ዘመን የምክር ቤቱን ይከተላል እንጂ የዙር ገደብ አልተጻፈለትም። ከዚያ 104ንና 105ን አንብቡና ማሻሻያ በማን እጅ እንደሚያልፍ፣ የክልል ምክር ቤቶች ድርሻ ስንት እንደሆነ ሉኩ ላይ አስፍሩ።

ውጤት ከተነገረ በኋላ ሉኩን አስቀምጡት፤ ረድፍ የሚጨመርበት ጊዜ ይመጣል። የቱርክ አዲሱ ሥርዓት ጁላይ 9 ቀን 2018 ሥራ ሲጀምር ኤርዶጋን አማቻቸውን የገንዘብ ሚኒስትር አድርገው ሾሙ፤ በመጀመሪያዎቹ አዋጆች የማዕከላዊ ባንኩ ገዥ የ5 ዓመት ዘመን ተነሣ። ይህ በ18ቱ የማሻሻያ አንቀጾች ውስጥ አልነበረም። ከጁላይ 2019 እስከ ማርች 2021 ባለው ጊዜ ሦስት ገዥዎች ተሽረዋል። ጋሼ "ሊራው ምን ነካው?" እያለ ደረሰኞቹን ሊያስተረጉም ሲመጣ የማሳየው ይህችን ረድፍ ነው። እሱ ግን አሁንም ስለ ድልድዩ ነው የሚያወራው።